በእፍኝ ጨው የገዛኋት ልጅ

አራት ወንዶች ወልጃለሁ፤ አንዲት ሴት ልጅ ደግሞ ገዝቻለሁ። ዋጋዋ እፍኝ ጨው ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አለ፤ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ፊቱን የሚያዞርም አለ። ባለቤቴ ፊታቸውን ከሚያዞሩት ወገን ነው።

ኮምቦልቻ ባለው ግቢያችን በጓሮ በኩል የምናከራያቸው ክፍሎች አሉ። ተከራዮቻችን ሁልጊዜም የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ከፈረቃ ሲመለስ ሌላው ስለሚወጣ የግቢው በር ሲንጓጓ ነው የሚውለው። ከነሱ አንዷ ከቢስቲማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ወጣት ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቀን ሠራተኝነት ገብታ ክር ታጠነጥናለች። ባሏ ወደ አፋር ወርዶ ጭነት ያራግፋል፤ ሲመጣም ጥቂት ሰንብቶ ይመለሳል። ጨዋ ናት፤ ግቢ ውስጥ መኖሯ እንኳ የሚታወቀው ያጠበችው ልብስ ገመድ ላይ ሲታይ ነው። እኔ ዘንድ ስትገባ ሁለት ልጅ ቀብራ እንደነበር ያወቅሁት ሦስተኛዋን ስትወልድ ነው።

ያኔ እናቷ ሊያርሷት ከገጠር ወረዱ። ሴትዮዋ ግቢ ሲገቡ ወደ አራሷ አልሮጡም፤ መጀመሪያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ስንት ወለድሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አራት።»

«ስንቱ አሉ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ አራቱም አሉ።»

«እንግዲያው አንቺ ትገዣታለሽ» አሉ፤ ገበያ የወጣሁ ይመስል።

ልማዱን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ልጅ፣ ልጆቿ ላደጉላት ሴት ትሸጣለች። ለይምሰል ነው። ልጁ የሚያድገው እዚያው እናቱ ዘንድ ነው፤ ግን የሌላ ሴት ልጅ ነው ይባላል። ያ የፊተኞቹን የወሰደ ክፉ ነገር ተመልሶ ሲመጣ እዚህ ቤት ልጅ እንዳያገኝ ነው።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ከማጀት ጨው ዘግኜ ወጣሁ። ሕፃኗን በበር አላወጧትም፤ በመስኮት አቀበሉኝና ጨዉን ተቀበሉኝ። አሮጊቷ «ሸጠናል» አሉ። እኔም «ገዝቻለሁ» አልኩ። ከዚያ «እስክታድግ አደራ» ብዬ ለወለደቻት መልሼ ሰጠኋት። እናቷ ስትቀበለኝ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እንባዋ ሕፃኗ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

ባለቤቴ ደሴ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። አያቱ ከየመን ጨርቅ ይዘው የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱም ነገርን ሁሉ እንደ ጨርቅ በክንድ እየለካ ነው የሚናገረው። ከሱቅ ሲመለስ ነገርኩት።

«ሺርክ ነው፤ በአላህ ላይ ማጋራት ነው» አለ። «ሰው ከሞት የሚድነው በጨው ነው?»

«ሴትዮዋ እንቅልፍ ካገኘችበት አንተ ምን ጎደለብህ?»

«ውሸት ሲጀምሩት ነው ቀላሉ» አለኝ።

ትክክል ነበር። ያን ቀን ግን ማን ይሰማዋል።

ከዚያ ወዲህ እናቷ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብላ አልጠራቻትም። ሰው ሲጠይቃት «የአከራያችን ናት» ትላለች። ልጅቷም አፏን ስትፈታ እኔን «እማ»፣ የወለደቻትን ደግሞ «እታለም» ማለት ለመደች። ጡት የምታጠባት፣ የምታጥባት፣ አዝላ የምታስተኛት «እታለም» ናት፤ «እማ» የምትባለው እኔ ግን ከረሜላ ከመግዛት ሌላ ሥራ የለኝም። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አራት ወንዶች ሳሳድግ ፀጉር ጎንጉኜ አላውቅም። እሷን ግን ጉልበቴ መሀል አስቀምጬ ስጎነጉናት እናቷ ከበሯ ላይ ቆማ ታየናለች። ምን ይሰማት እንደነበር ያኔ አልጠየቅኋትም። እሷም አትናገርም።

የጤና መድን ምዝገባ በየዓመቱ አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍልና ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያም ቢሄድ፣ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታልም ቢሄድ ደብተሩን ያሳያል እንጂ ኪሱን አይዳስስም። እኔ ከተጀመረ ጀምሮ አባል ነኝ። ባለቤቴ «የግል ክሊኒክ እያለ ምን ያሰልፍሻል?» ይለኛል። ሱቁ የሚሸጥበትም የማይሸጥበትም ወር አለ፤ አራት ወንዶች ልጆቹ ግን ክንድ ለመስበር የሱቁን ገበያ አይጠይቁም። ይህን እነግረውና መዋጮዬን እከፍላለሁ።

መዝጋቢዋ ከቅሬያችን ሴቶች ጋር ቤት ለቤት ነው የምትዞረው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን። የቅሬ ሴቶች የማያውቁት በር ስለሌለ ቀበሌው እነሱን ያስቀድማል። ልጅቷ ሁለት ዓመት ባለፋት ጊዜ ወደ ግቢያችን ሲመጡ እኔ ደሴ ነበርኩ። የቅሬዋ ሴት ሌላ ቤት ቀርታ ኖሮ፣ መዝጋቢዋ ብቻዋን ገብታ ተከራዬን ጠየቀቻት። መዝጋቢዋ ለሰፈራችን አዲስ ናት።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ይቺ ያዘልሻትስ?»

«የአከራያችን ናት።»

ጀርባዋ ላይ አዝላት! መዝጋቢዋም አመነች፤ ባልና ሚስት ብላ ጽፋ ሄደች። በማግስቱ እኔ ዘንድ ስትመጣ አራቱን ወንዶች ቆጥሬ አስመዘገብኩ፤ የሰው ልጅ በደብተሬ ምን ልታደርግ። እንዲህ ሆኖ ሁለት እናት ያላት ልጅ ከሁለቱም ደብተር ቀረች። አንዳችንም ልብ አላልንም።

ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ልጅቷ ወፈረች። ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ ሞልቶ፣ ዓይኗ ጥብብ ብሎ ትወጣለች። ግቢው በሙሉ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለ። እናቷ በየ«ማሻአላሁ» ትደነግጥና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግባታለች፤ አንገቷ ላይም አዲስ ክታብ አሰረችላት። እሷ የፈራችው የሰው ዓይን ነው። እኔም ብሆን መወፈሯን ወድጄው ነበር። አንድ ቀን ካልሲዋን ሳወልቅላት ላስቲኩ እግሯን ዙሪያውን ሰርጉዶት አየሁ። በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ያረፈበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ይህ ውፍረት አይደለም አልኩ። ነጠላዬን ደርቤ ሁለቱንም በባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

እዚያ መጀመሪያ የጠየቁን ደብተር ነው። እናቷ ደብተሯን በኩራት አወጣች፤ አዲስ ስለሆነ በላስቲክ ጠቅልላው ነበር። የካርድ ክፍሏ ሴት ገለጠችው፣ ልጅቷን አየች፣ መልሳ ገለጠችው።

«ልጅቷ እዚህ የለችም» አለች።

እኔም የራሴን አወጣሁ፤ እዚያም የለችም። ሁለት ሴቶች ሁለት ደብተር ይዘን፣ በመካከላችን ያበጠች ልጅ ቆማ፣ አንዳችን ሌላችንን አየን። የዚያን ቀን ከፈልኩ። ሽንቷ ተመረመረና ወደ ደሴ ተላከች።

ደሴ ሆስፒታል ያየቻት ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ አስረዳችን። ኩላሊቷ ማጥለል የሚገባውን እያፈሰሰ ነው፤ ሰውነቷ ያበጠው ለዚያ ነው። ልጆች ላይ የሚታይ በሽታ ነው፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ግን መድኃኒቱ ረጅም ነው፤ በመሀል ከተቋረጠ እብጠቱ ይመለሳል። ምርመራውም መደጋገም አለበት። በመጨረሻም «እብጠቱ እስኪጠፋ ምግቧ ውስጥ ጨው አይግባ» አለች።

እናቷ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ዶክተሯ ያመማት መስሏት ውኃ አስመጣች። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ በጨው ሸጥኳት። ይኸው ጨዉ ተጣላት።»

«አንቺ ልጅ፣ ዶክተሯ ስለ ኩላሊት ነው የነገረችሽ!»

«እርስዎ አይገባዎትም» አለችኝ፤ ተከራዬ ከሆነች ጀምሮ ደፍራ ስትናገረኝ የመጀመሪያዋ ነው። «አራቱም ያሉልዎ ሰው ነዎት፤ እንዴት ይገባዎታል?»

 ልጅቷን ከጭኗ ተቀብዬ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ድረስ አቀፍኳት።

መድኃኒቱ ተጀመረ፤ ልጅቷም ጎደለች፤ ፊቷ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ከሳች» ብለን የተደሰትነው ያኔ ነው። የመድኃኒቱንና የምርመራውን ባለቤቴ ይከፍል ነበር፤ ሰውየው ጨውን እንጂ ልጅቷን አይጠላም። ነገር ግን እያደር አንድ ነገር አየሁ። ተከራዬ ባለቤቴን በሩቅ ስታየው መንገድ ትለውጣለች። ግቢውን ሳይነጋ ትጠርገዋለች፣ ልብሳችንን ሳንጠይቃት ታጥባለች፣ ቀና ብላ አታየንም። ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ «ፈረቃ አለብኝ» ትላለች። አንዱን ቀጠሮ እንዲሁ አለፈችው። መድኃኒቱም አልቆ ኖሮ ሳትነግረኝ ቀረች። ልጅቷ አንድ ጠዋት ዓይኗ በእብጠት ተከድኖ ወጣች።

ጮህኩባት፤ ጩኸቴ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?!»

«አፉ ይበሉኝ እትዬ። እስከ መቼ ነው በርስዎ ቤት ገንዘብ የምትታከም? ይሉኝታ ገደለኝ እኮ!» አለችና አለቀሰች። «ወደ አገሬ ልውሰዳት። ደጋግ ሸኾች አሉ፤ ዱዓ ያደርጉላታል።»

«ዱዓው ይደረግ፤ መድኃኒቱም ይዋጥ! ማን ከልክሎሽ?»

«ጨዉ ተጣልቷታል» አለች እንደገና፤ ጓዟንም መሸከፍ ጀመረች። ገጠር ከወሰደቻት መድኃኒቱ እንደሚቋረጥ አውቃለሁ። እንዳትመለስ ሆና እንደምትቀርም አውቃለሁ፤ ሁለቱን የቀበረችው እዚያው ነው።

መፍትሔው ደብተር እንደሆነ ያኔ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሰው ሲከፍልልሽ ፊቱን ማየት ያሳቅቃል፤ ደብተር ግን ፊት የለውም። መዋጮሽን ከፍለሽ ያገኘሽው ስለሆነ ለማንም አንገትሽን አትደፊም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ምዝገባው ተዘግቷል፤ ግን ከተመዘገበ ቤተሰብ የተዘለለ ልጅ ካለ ወላጅ ቀርቦ ሲያስረዳ ይታረማል ተባልኩ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳት።

«ሄደሽ ልጄ ናት ማለት ብቻ ነው» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። «አልልም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁለቱን ልጄ፣ ልጄ ስል ነው ያጣሁት። ይቺን አልልም። በርስዎ ስም ትጻፍ።»

እንደዚያም ማድረግ ይቻል ነበር፤ የክትባት ካርዷ ላይ እናት ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷው አስጽፋኝ ኖሮ፣ ይህን ያወቅሁት በዚሁ ቀን ነው። ያንን ወረቀት ይዤ ብሄድ ማንም አይጠይቀኝም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። የያዘውን ሲኒ አስቀመጠ።

«አባት አላት፤ እናት አላት» አለ። «ነሰቧን፣ የዘር ሐረጓን ልታጠፊባት ነው? አላህ ፊት ምን ትያለሽ?»

«ልጅቷ በሕይወት አለች እላለሁ።»

«እኔ እከፍል የለ?»

«አንተ ስትከፍል ነው የምትሸሸው! ግቢያችንን በነፃ የሚጠርግልን ጂኒ ይመስልሃል?»

 «ነሰብ ቀላል ነገር አይደለም» አለና ወደ ደሴ ወጣ። እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያበገነኝም እሱ ነው። ቢሳሳት ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ቢሆንም ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ልጅቷን አቅፌ፣ እናቷን አስከትዬ ቀበሌ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ያችው ናት። የያዝኩትን ካርድ አየች፣ ደብተሬን አየች።

«እትዬ፣ እስካሁን ለምን ሳያስመዘግቧት ቀሩ?» አለችኝ።

«ተረሳች» አልኩ።

ልጅ ይረሳል? ከአፌ ሲወጣ እንኳ ጆሮዬ አልተቀበለውም። መዝጋቢዋም ቀና ብላ አየችኝና፣ ተጠራጥራ ይሁን ለጨዋታ ብላ አላውቅም፣ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«ቆንጆ፣ እናትሽ የታለች?»

ልጅቷ ምን ታድርግ፤ እንዳስተማርናት ጣቷን ደረቴ ላይ ተከለች። «እማ» አለች። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። እናቷ ከኋላዬ ናት፤ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ልዞር አልኩ፤ አልዞርኩም። ብዞር ምን እላታለሁ?

«አይደለችም» አለ አንድ ድምፅ።

ግቢያችን ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ነው። ውጭ የተሰለፈው ሰው ሳይቀር አንገቱን አስገብቶ አየ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የወለድኳት! ልጄ ናት፤ ወላሂ ልጄ ናት!»

ብላ ስትጨርስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ የሆነ ነገር ተከትሏት የሚገባ ይመስል ወደ በሩ ዞራ አየች። ከዚያ ልጅቷን ከእቅፌ ነጠቀችኝ። ነጠቀችኝ ነው የምለው፤ ክንዴ ላይ የጥፍሯ ምልክት ቀርቶ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ስትነጠቅ የኖረችው እሷ እንደነበረች ያኔ ነው የገባኝ።

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ፣ ባለፈው ልጅ የለኝም ብለሽኝ አልነበር? አዝለሻት?»

ተከራዬ መሬት መሬት እያየች ሁሉንም ነገረቻት፤ ሁለቱን፣ ጨዉን፣ መስኮቱን። እኔ መዝጋቢዋ ትስቃለች ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳቋ ግን ሌላ ሆነ።

«እኔን እናቴ በአንድ እንቁላል ነው የሸጠችኝ» አለች። «አንቺ በእፍኝ ጨው ከሸጥሻት የሷ ዋጋ ውድ ነው። አብሽሪ፤ ይኸው አለሁ።» ከዚያ የአባቷን መታወቂያና ፎቶ እንድታመጣ ነገረቻት። «ስሕተቱ የኔ ነው» አለች። «ስንት ልጅ አለሽ ተብሎ አይጠየቅም ነበር።»

ባሏ ከአፋር መጥቶ መታወቂያውን አመጣ፤ ደብተሩ ታረመ፤ ፎቶዋ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ቀላል አልነበሩም። ተከራዬ ልጅቷን ከደጃፍ አታወጣትም፤ በር ሲንኳኳ ትደነብራለች። በልማዱ ስስቅ የነበርኩት እኔም በየጠዋቱ ቀድሜ ሄጄ ፊቷን አያለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ለማን ልዋሽ። አንድ ሰሞን ልጅቷ ትኩሳት ያዛት፣ ትስል ጀመር። እናቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ደብተሩን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ጉንፋን ነው ተባለ። ካርድ ክፍል ፎቶዋን አይተው አሳለፉን፤ መድኃኒት ቤቱም ደብተሩን አይቶ ሰጣት።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። «በቃ?» አለችኝ።

«በቃ።»

«ማንንም ሳላስቸግር?»

«ማንንም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ከተተችው፤ እየሳቀች። ጥርሷ እንዲህ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የደሴን ቀጠሮ የሚያስታውሰኝ እሷ ሆነች። እንዲያውም ብቻዋን መሄድ ጀመረችና ቅር አለኝ። ግቢውንም በነፃ መጥረጉን ተወች፤ አሁን ባለቤቴን ስታየው ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» ትለዋለች።

ቀጣዩ ምዝገባ ሲደርስ መዝጋቢዋ ከቅሬያችን ሴቶች ጋር መጣች። እኔም አብሬ እንድዞር ለመኑኝ፤ አፈኛ ሰው ይጠቅማል ብለው ይሆናል። በየበሩ «ስንት ልጅ አለሽ?» ማለት ቀረ። «እዚህ ቤት ማን ማን ያድራል?» ነው የምንለው። እንዲህ ሲባል ያልተጠበቀ ልጅ ከየጓዳው ይወጣል፤ ከደጋን ለትምህርት የመጣች የእህት ልጅ፣ እናቱ አረብ አገር የሄደች የልጅ ልጅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሌላ የተሸጠ ሕፃን። የሱ ዋጋ ማሽላ ነበር። እናቱ ስታንገራግር ተከራዬን ጠርቼ አመጣሁላት፤ በሩን ዘግተው ብዙ አወሩ። ሲወጡ ልጁ ተመዘገበ። ምን ተባባሉ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አራቱም ያሉልኝ ሰው ነኝ፤ እኔን አላስገቡኝም።

ሁሉም ተፈታ አልልም። ከተከራዮቼ ውስጥ በፋብሪካ ቋሚ ደመወዝተኛ የሆኑትን ይህ መድን አይቀበላቸውም፤ የነሱ ገና ይመጣል ይባላል። ይመጣል ሲባል መስማት ሰልችቶኛል፤ በየስብሰባው ተነስቼ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መዝጋቢዋ አሁን ስታየኝ ገና እጄን ሳላወጣ ትስቃለች።

በቅርቡ ተከራዬ ከደሴ ስትመለስ በቀጥታ ወደኔ ቤት መጣች። ምሳ ሰዓት ነው፤ አርብ ስለነበር ባለቤቴም ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ማዕድ ላይ ነው። ልጅቷን በእጇ ይዛለች። ዶክተሯ ሽንቷ ንጹሕ ነው፣ መድኃኒቱ አልቋል፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ትብላ ብላለች።

«ጨውም?» አልኳት።

«ጨውም።»

ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። እፍኝ ጨው ነው። በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ የሰጡኝን እንኩ።»

ባለቤቴን አየሁት፤ ሺርክ ይል ይሆን ብዬ። «ተቀበያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ጠጋ ብሎም ማዕዱ ላይ ቦታ ለቀቀላቸው።

ተቀበልኳት።  ለልጅቷ ያለ ጨው ለብቻ ባስቀመጥኩት ወጥ ላይ ቆንጠር አድርጌ ነሰነስኩና አጎረስኳት። አላመጠች፣ ቆም አለች፣ ከንፈሯን ላሰች፤ ዓይኗ በራ።

«እማ!» ብላ ተጣራች።

አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

«አቤት ልጄ» አለች እናቷ።